ክንፉ የታጠበ ፈረስ

ጎባ፣ ኅዳር 6 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለፈለቀች ለሜሳ፣
አዲስ አበባ

እህቴ ሆይ፣ ሰላምታውን ላሳጥረውና ወደ ጥያቄሽ ልግባ፤ አለዚያ በሰላምታ ተከልዬ እንዳላልፈው እፈራለሁ። «ሁለት ደብዳቤ ስትልክ ስለ ቦራ አንድ ቃል አልጻፍክም፤ ፈረሱ ምን ሆኗል?» ብለሽኛል። ቦራ ሞቷል። ጥቅምት 19 ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ሮቤ፣ እዚያው ያባባ ግቢ ውስጥ፣ እኔና ዲኖ አጠገቡ ቆመን ሞተ።

መጀመሪያ ከዓይኑ በላይ አበጠ። ዲኖ «ንብ ነድፎት ይሆናል» አለኝ። ያባባ ጎረቤት ሆኖ ሃያ ዓመት ፈረስ ያየ ሰው ንብ ነው ካለ ንብ ነው ብዬ ወደ ጎባ፣ ወደ መዝገብ ቤት ሥራዬ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ሲያስጠራኝ በአፍንጫው አረፋ ይወርድ ነበር። ዘንድሮ ዝናቡ ሲያባራ የገባው በሽታ ከሮቤ እስከ ጋሰራ ስንቱን ፈረስ እንደፈጀ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

አሁን ምን ላድርግ? አባባ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው በየማለዳው ከእግራቸው በፊት የቦራን ወሬ እንደሚጠይቁ ጽፈሽልኛል። የእግራቸው ጣት በእርካብ ብረት ተቆርጦ አልድን ያለ፣ ደምዎ ስኳር አለበት የተባሉ ሰው፣ እዚያ ላይ ደግሞ ፈረስዎ ሞተ ይባላሉ? በፈረሳቸው ስም «አባ ቦራ» ተብለው የሚጠሩ ሰው ናቸው። ፈለቀች፣ እኔ አልደፍርም።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጌያለሁ፣ አትቆጪኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሌላ ወረቀት አለ። እሱን ለአባባ አንብቢላቸው። ይኸኛውን አቃጥይው። እግራቸው ሽሮ ሲመለሱ በአካል እንነግራቸዋለን፤ ያን ጊዜ ቢያለቅሱም በቤታቸው ነው።

ለኔ አታስቢ። ከሥራ ስወጣ ያው ቀለሜን እበጠብጣለሁ። መሀመድአወል በጭነት መኪናው ያመጣልኝ የውሃ ቀለም ሳጥን ቢጫው አልቋል፤ ክንፍ ሁሉ ቢጫ ይበላል። ቦራ ከሞተ ወዲህ የሳልኳቸው ባለ ክንፍ ፈረሶች ሁሉ ግንባራቸው ላይ እንደሱ ነጭ አለ። ሆን ብዬ አይደለም።

ወንድምሽ ባዳሳ


ጎባ፣ ኅዳር 6 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር አባቴ ለአቶ ለሜሳ ጉሉማ

አባባ፣ አካም ጅርቱ? እግርዎ እንዴት ዋለ? እኛ ሁላችን ደህና ነን።

ቦራ ደህና ነው። ገብሱን ይበላል። ዲኖ በየቀኑ ውሃ ያወርደዋል። ጀርባው ላይ የነበረችው ቁስል ሽራለች። ባለፈው ሰኞ ከመንገደኛ ፈረስ ጋር ተራግጦ አጥር ሰበረ፤ ዲኖ አጥሩን እያበጀ ሲራገም ዋለ። አመሉ የድሮው ነው። እርስዎ እስኪመለሱ ማንም ሰው አይወጣበትም። ስለሱ አያስቡ፤ ሐኪሞቹ የሚሉዎትን ብቻ ይስሙ።

ልጅዎ ባዳሳ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 17 ቀን 1954 ዓ.ም.

ባዳሳ ወንድሜ፣

አጥር ሰበረ? አንተ ሰው፣ መዋሸትህ ሳያንስ ማሳመርህ! አባባ በደስታ «የትኛው አጥር ነው?» ሲሉኝ የጓሮው ነው አልኩ። «በምን ረገጠው?» ሲሉኝ በኋላ እግሩ አልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ጀርባዬን አጎበጠው። አንተ እዚያ ቁጭ ብለህ ትጽፋለህ፣ ዓይን ለዓይን የምተያየው እኔ ነኝ።

«ሐኪሞቹ ምን አሉ?» ትል ይሆናል። እግራቸው መቆረጥ አለበት። ቀኙ ነው። ጣቶቻቸው ጠቁረዋል፤ ጥቁረቱም እየወጣ ነው። ቶሎ ከሆነ ከጉልበት በታች ቆርጠን እናድናቸዋለን፣ ከዘገየ ግን ሕይወታቸውን አናተርፍም አሉ። አስተርጓሚው ይህን ሁሉ ሲነግራቸው አባባ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «ባንድ እግር ፈረስ ይወጣል ወይ?» ሐኪሙ ቀልድ መስሎት ሳቀ። አባባ አልሳቁም። «እንግዲያው ቦራ ቆሞ እየጠበቀኝ እግሬን አልሰጥም» ብለው ብርድ ልብሳቸውን ተከናነቡ።

አየህ የሠራነውን? በሕይወት ያቆያቸዋል ያልነው ፈረስ ነው እግራቸውን አስይዞ የሚገድላቸው። ያን ዕለት እውነቱ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ትኩሳት ስለነበራቸው ፈራሁ። ነገ፣ ነገ እያልኩ ይኸው አምስት ቀኔ።

አሁን ደግሞ ሌላ አመጡ። «ያ ልጅ ፈረስ ይስል የለም? የቦራን መልክ ይላክልኝ» ይላሉ። «ክንፍ የሚለውን ነገር እንዳይቀጥልበት። ኮርቻውን ጭኖ፣ ግላሱን አልብሶ፣ ለጥምቀት እንደምወጣበት አድርጎ ይሳለው» አሉ። ከፍራሽህ ሥር ሥዕሎችህን ያገኙ ቀን ትዝ ይልሃል? «ሰው ላም አለኝ በሰማይ ይላል፣ የኔ ልጅ ፈረስ አለኝ በሰማይ ይላል» እያሉ ሰፈሩን ሁሉ ያሳቁብህ? እኒያው ሰውዬ ናቸው ዛሬ ሥዕልህን የሚለምኑህ። ላክላቸው። ልባቸው ረጋ ካለ እኔ እለምናቸዋለሁ፤ ካስፈለገም እነግራቸዋለሁ።

እህትህ ፈለቀች


ጎባ፣ ኅዳር 28 ቀን 1954 ዓ.ም.

ፈለቀች እህቴ፣

ይኸው ሥዕሉ። በሁለት ካርቶን መሀል አድርጌዋለሁ፤ መሀመድአወልንም እንዳይቀመጥበት አስምዬዋለሁ። እስኪደርስ እንቅልፍ የለኝም። ደርሶም የሚኖረኝ አይመስለኝም።

«ለምንድነው ያለ ክንፍ እምቢ የሚልህ?» ትዪ ይሆናል፤ ላንቺ ብቻ ልናገር። የፈረስ ትከሻ አልችልም። የፊት እግሩ ከደረቱ ጋር የሚገጥምበትን ቦታ ማንም አላስተማረኝም፤ ስሞክረው የተሰበረ ወንበር ይሆናል። መጀመሪያ ክንፍ የሳልኩት እሱን ለመሸፈን ነበር። ቆይቶ ክንፉን ራሱን ወደድኩት። ሰማይ ላይ ያለ ፈረስ እግሩ በደንብ ቆሟል አልቆመም የሚል ሰው የለም። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፤ የመዝገብ ቤት ባልደረቦቼ ቅዳሜ ከሰዓት ጠጅ ቤት ሲቀመጡ እኔ ላባ እቆጥራለሁ።

ያለ ክንፍ ሲባል ዘጠኝ ወረቀት አበላሸሁ። ሮቤ ወርጄ በገበያ ቀን የሰው ፈረስ ትከሻ ሳይ ዋልኩ፤ ባለቤቶቹ ልሰርቃቸው መስሏቸው ዓይናቸውን አልነቀሉብኝም። ዲኖ ኮርቻውን አጥሩ ላይ ጫነልኝና እሱን እያየሁ ሳልኩ። እጄ ላይ የቀረ ነገር ስለሌለ ሌላውን በልቤ ነው የሳልኩት። የግንባሩን ነጭ አልቀባሁትም። በውሃ ቀለም ነጭ አይቀባም፤ ወረቀቱን እንዳለ ትተሽ ዙሪያውን ነው የምትቀቢው። ስለዚህ ቦራ የተባለበት የግንባሩ ነጭ ባዶ ወረቀት ነው።

በመጨረሻ ሳላስበው እጄ ክንፍ አወጣ። ደንግጬ በእርጥብ ጨርቅ አጠብኩት። ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፤ ትከሻው ላይ ጉም የመሰለ ነገር ቀርቷል። ያባባ ዓይን ደክሟልና አያዩትም። ሰው አልሳልኩበትም፤ ሰው አልችልም።

እግራቸው እንዴት ነው? ጥቁረቱ የት ደረሰ? ሳትደብቂ ጻፊልኝ። እንዲህ ስል ማፈር የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ ግን ጻፊልኝ።

ባዳሳ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1954 ዓ.ም.

ባዳሳ፣

ለሰላምታ ጊዜ የለኝም። ይህን መሀመድአወል በእጅህ ይሰጥሃል። ጎባ የሚያድረው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ መልስህን ሳይዝ እንዳይመለስ።

«ሥዕሉን ወደዱት ወይ?» ትለኛለህ። ልንገርህ። መስኮቱ ጋ አስጠጊልኝ አሉ። ብዙ አዩት። ፈገግ ብለው «ግንባሩ ራሱ ነው» አሉ። እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ጣታቸውን ኮርቻው ላይ አድርገው «ማን ነው የሚመራው?» አሉኝ። ማንም የለም አልኳቸው። «ሰው ሳይኖርበት ተጭኖ፣ ግላስ ለብሶ የሚወጣ ፈረስ መቼ ነው ያየሽው?»

ባዳሳ፣ አያታችን ጉሉማ የሞቱ ጊዜ ረሳኸው? ፈረሳቸውን ጭነው፣ ግላሱን አልብሰው፣ ኮርቻው ባዶ እንደሆነ በለቅሶው ሜዳ ሲያዞሩት፣ ሴቱ ሁሉ እሱን እያየ ደረቱን ሲመታ? አንተ የአባባን ለቅሶ ስለህ ነው የላክህላቸው። እኔም ዓይኔ እያየ በእጄ ሰጠኋቸው። ያጠብከውንም ክንፍ አይተውታል። ዓይናቸው ደክሟል ያልካቸው ሰውዬ «ወደ ላይ እየሄደ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። «ሐኪሙ ለልጆቼ የነገራቸውን ልጄ በሥዕል ነገረኝ። መሞቴ ካልቀረ ከነሁለት እግሬ ልቀበር። ሮቤ ውሰዱኝ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ቄስ አስጠርተው ተናዘዙ። ሁለት ቀን ከውሃ በቀር አልቀመሱም።

እኔም ነገርኳቸው። ትንፋሼን ሳልሰበስብ ሁሉንም፣ የቦራን ሞት ሳይቀር ነገርኳቸው። አላመኑኝም! «ትናንት አጥር ሰበረ፣ ዛሬ ሞተ። ሞቴን ለመሸፈን ፈረሴን ትገድይብኛለሽ?» አሉኝ።

ጥቁረቱ ከቁርጭምጭሚታቸው አልፏል። ሐኪሙ ከታኅሣሥ 17 በኋላ ቢስማሙም እኔ አልነካቸውም ብሏል። ከኔ አፍ እውነት አይቀበሉም። ውሸቱ የተጀመረው በአንተ እጅ ጽሕፈት ነው፤ በዚያው እጅ ይለቅ። የሚያምኑትን ነገር ፈልገህ ላክ። ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም።

ፈለቀች


ጎባ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ

አባባ፣ ፈለቀች ይህን ስታነብልዎ እንዳያቋርጧት እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ።

ቦራ ሞቷል። ጥቅምት 19 ቀን ሞተ። አጥር አልሰበረም። ገብስም አልበላም። ኅዳር ላይ የጻፍኩልዎ በሙሉ ውሸት ነው፤ ፈለቀችን ያዋሸኋትም እኔ ነኝ። እርስዎ ዘንድ የሚደርሰው ክፉ ወሬ እንዳይሆን ብዬ የባሰውን ላክሁ።

በአፍንጫው አረፋ ሲወርድ ዲኖ ያገኘውን ቅጠል ሁሉ ቀጥቅጦ አጠጣው፣ ቁርዓንም አስቀራበት፤ እኔ ጠበል አመጣሁ። ሁለት ጊዜ ሊነሳ ሞከረ። ዲኖ አንገቱን አቅፎ እርስዎ እንደሚያጫውቱት «ጀባዱ ያ ቦራ፣ ጀባዱ» እያለ ያበረታው ነበር። በሦስተኛው አልሞከረም። ጅብ እንዳይነካው ዲኖ ጎረቤት አስተባብሮ ከገብሱ ማሳ ዳር ጉድጓድ አስቆፈረ። ፈረስ የሚቀበርበት አገር መጣ ብለው የሳቁብን አሉ። እየሳቁም ቆፈሩልን።

ከዚህ ወረቀት ጋር በጨርቅ የታሰረው የጋማው ፀጉር ነው። ዲኖ ለእርስዎ ብሎ የቆረጠው ነው። በእጅዎ ይዳብሱት፣ ያሽትቱት። እኔን ባያምኑ እሱን ያምናሉ።

ስለ ሥዕሉ ደግሞ ይስሙኝ። ኮርቻው ላይ እርስዎን ላስቀምጥ ስድስት ጊዜ ሞክሬአለሁ። ፊትዎን ስስለው የማላውቀው ሰው እየሆነ አስቸገረኝ፤ አፍሬ ባዶውን ተውኩት። ሌላ ምክንያት የለውም። የአያቴ ለቅሶ ትዝ ብሎኝ ቢሆን እጄ ይድረቅ። የታጠበውም ክንፍ እርስዎን ወዴትም የሚወስድ አይደለም፤ የኔ ልማድ ነው። ሐኪሙ ለእርስዎ ያልነገረዎትን ለእኛ አልነገረንም። ከተቆረጠ ይኖራሉ ነው ያለው። በእናታችን አጥንት እምላለሁ።

ሳላውቀው የሳልኩት ለቅሶ ከሆነ፣ ለቅሶው የቦራ ነው። የዋሸሁት ስለፈራሁ ነው፤ አሁንም ስጽፍ እፈራለሁ። አባባ፣ እባክዎን እግርዎን ይስጧቸው። እኔን መጥተው ይምቱኝ።

ልጅዎ ባዳሳ


ጎባ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1954 ዓ.ም.

ፈለቀች፣

17 ካለፈ ሰባት ቀን ሆነው። መሀመድአወል ትናንት መጣ። «ደብዳቤውን ተቀበለችኝ፣ እየሮጠች ገባች፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም» አለኝ። ሁለት ጊዜ ደጋግሜ ጠየቅሁት። በሦስተኛው ተቆጣኝ፤ መልሶ ግን አዝኖ ሻይ ጋበዘኝ። ለምን አዘነልኝ? የሚያውቀው ነገር አለ?

ቴሌግራም ቤት በቀን ሁለቴ እሄዳለሁ። ሠራተኛው ከሩቅ ሲያየኝ ገና ሳልደርስ ራሱን ይነቀንቃል። ሰው ሰላም ሲለኝ ቃሉን ትቼ ፊቱን አያለሁ። ዛሬ ማለዳ ሦስት ሽማግሌዎች ዘንጋቸውን ይዘው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ደጄ ሲመጡ አየሁ። መርዶ ነው ብዬ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ለካ የጎረቤቴን ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ ናቸው። አልፈውኝ ሲሄዱ እንደ እብድ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ቀለም ከነካሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ትናንት ውሃ ቀዳሁ፣ ብሩሹን ያዝኩ፤ ምን እንደምስል ጠፋኝ። የሳልኩት ሁሉ ሰው የሚገድል እየመሰለኝ ውሃውን እንዳለ ደፋሁት። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። ደርሶም ከሆነ ጻፊልኝ። እባክሽ አንድ ቃል።

ባዳሳ


አዲስ አበባ፣ ጥር 5 ቀን 1954 ዓ.ም.

ባዳሳ ልጄ፣ ኢልማ ኮ፣

የምታየው የፈለቀች እጅ ነው፤ ቃሉ ግን የኔ የለሜሳ ነው። ሳትጨምር ሳትቀንስ እንድትጽፍ አስምያታለሁ። እንግዲህ ልጆቼን ያለ መሐላ አላምንም።

«ለምን ዝም አላችሁ?» ብለህ ጽፈህ ነበር። ከተቆረጥኩ በኋላ ትኩሳት ያዘኝና ለአሥር ቀን እዚህ ልሁን እዚያ አላውቅም ነበር። እህትህ «ሳይለይለት ብጽፍ ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆናል፣ ውሸት አንገሸገሸኝ» ብላ ተቀመጠች። አስጨንቃሃለች። እሷም ደህና አድርጋ ተጨንቃለች፤ ከስታ ብታያት ታዝናለህ።

ጋማውን በእጄ ያዝኩት። እሱ ነው። አለቀስኩ። አጠገቤ የተኛው የጅማ ሰው «ማን ሞተብህ?» ሲለኝ ፈረሴ አልኩት። ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። ለዲኖ ንገርልኝ፣ የቀበረው ፈረስ ብቻ አይደለም፣ ወንድሜን ነው የቀበረልኝ፤ እኔም ስመጣ እጁን እስመዋለሁ።

አሁን አንተን። አንድ ወር ሙሉ የሞተ ፈረስ ይጠብቀኛል ብዬ እግሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ደግሞ የራሴን ለቅሶ ተቀምጬ ሰነበትኩ፤ ተናዝዤ፣ እህል ትቼ፣ የምቀበርበትን መርጬ። ደብዳቤህ ሲነበብልኝ በጣም አፈርኩ። የሌላ ለቅሶ ላይ ገብቶ አስከሬን ሆኖ የተኛ ሰው ምን ያደርጋል? ይነሳል እንጂ። ሐኪሙን አስጠርቼ ውሰደው አልኩት። ታኅሣሥ 16 ቀን ወሰደው።

መጀመሪያ ከጉልበት በታች ያሉት ከጉልበት በላይ ሆነ። ጉልበቴን የበላው መዘግየቱ ነው አሉኝ። ግማሹ ያንተ አጥር ነው፣ ግማሹ የኔ እምቢታ። ይህን የምነግርህ እንድታውቀው ነው፤ ካሁን በኋላ አላነሳብህም። ፈርተህ ነው የዋሸኸው። እኔም ባንድ እግር መኖርን ስለፈራሁ ነው በፈረስ ያሳበብኩት። የፈራ አባት የፈራ ልጅ ቢወልድ አያስደንቅም።

ሥዕሉን ፈለቀች ልትቀደው ነበር፤ ከለከልኳት። ባዶው ኮርቻ ግን ዓይኔን ይወጋኛልና ሌላ ሳልልኝ። እኔን አስቀምጥበት። ፊቴ ካስቸገረህ በጋቢ ሸፍነው፣ ባሌ ብርድ ነው። ክንፉንም አድርግለት፤ ቦራ አሁን ያለ ክንፍ ከየት ይመጣልኛል? ከእንግዲህ አልስቅብህም።

እግሬን ምን ላድርገው ብለህ ደግሞ እንዳትጨነቅ። እዚህ ተኝቼ ሳስበው ነበር። አንተ ፈረስ የምትስለው ከጎኑ ነው። ከጎኑ የሚታይ ፈረሰኛ፣ ጃንሆይም ይሁኑ እኔ፣ የሚታየው እግሩ አንድ ነው። ማንም ሁለተኛውን አይጠይቅም። ለኔ የተረፈኝ ግራው ነውና የፈረሱን አፍ ወደ ግራ አዙረው።

አባትህ ለሜሳ ጉሉማ